ምክትል ርዕሰ መስተዳድር ምን ይሠራል?

በዜግነት ትምህርት ክፍለ ጊዜ ስለ ክልል መንግሥት ስንማር አንድ ልጅ «ርዕሰ መስተዳድሩ እያለ ምክትሉ ምን ይሠራል? ቁጭ ብሎ ተራ ይጠብቃል እንዴ?» ብሎ ጠየቀና ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። ስለዚህ መምህራንን ጠይቄም አንብቤም ያገኘሁትን ጻፍኩላችሁ።

«ርእስ» በግእዝ ራስ ማለት ነው። ርዕሰ መምህር የትምህርት ቤት ራስ እንደሆነ ሁሉ ርዕሰ መስተዳድርም የክልል አስተዳደር ራስ ነው። የእኛ ክልል ገና ልጅ ነው፤ እኔ እንኳ እበልጠዋለሁ። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። አቶ ጥላሁን ከበደም ርዕሰ መስተዳድር ሆነው ተመረጡ። ጌዴኦ፣ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋ፣ ኮንሶ፣ ደቡብ ኦሞ፣ ሌሎችም አሉበት። የአስተዳደሩ መቀመጫ ወላይታ ሶዶ ነው። ከወርቃ ሶዶ ድረስ ያለውን መንገድ አስቡት! ከጂንካም እንደዚያው ሩቅ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ይህን ሁሉ እንዴት ያዳርሳል?

ለዚህ ነው ምክትል የሚያስፈልገው። በዜና ልብ ብላችሁ ከሰማችሁ ብዙ ጊዜ «ምክትል ርዕሰ መስተዳድርና የግብርና ቢሮ ኃላፊ» ሲባል ትሰማላችሁ። ምክትሉ የራሱ ቢሮ አለው ማለት ነው። ለእኛ ለቡና ገበሬ ልጆች ደግሞ ግብርና ቢሮ ቀላል ነገር አይደለም። ቢሮ የሚባለው በክልል ነው፤ በዞን መምሪያ፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ይባላል። በዞንም በወረዳም ምክትል አስተዳዳሪ አለ።

ሁለተኛው ሥራ ርዕሰ መስተዳድሩ በሌለበት ጊዜ ቦታውን መሸፈን ነው። ይሄ በስብሰባና በመንገድ ጊዜ ቀላል ይመስላል። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ግን የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንን ባሕር ዳር ውስጥ ተገደሉ። በዚያ ከባድ ሐዘን መካከል ምክትላቸው አቶ ላቀ አያሌው ኃላፊነቱን ተረክበው፣ ሐምሌ ላይ አቶ ተመስገን ጥሩነህ እስኪሾሙ ድረስ ክልሉን መሩ። «ቁጭ ብሎ ይጠብቃል» ላለው ልጅ መልሱ ይሄ ይመስለኛል። እንዲህ ያለው ቀን አስቀድሞ አይነግርም፤ ምክትሉ ሥራውን ከድሮ ጀምሮ ካላወቀ ያን ቀን ከየት ያመጣዋል?

እኔን በጣም የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ምክትል ተብሎ ክልሉን ሙሉ በሙሉ የሚመራ ሰው ሊኖር ይችላል! አቶ ሙስጠፌ መሐመድ በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ በሶማሌ ክልል፣ አቶ ሽመልስ አብዲሳ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. በኦሮሚያ የተሾሙት በምክትልነት ነበር። ክልሉን የሚመሩት ግን እነሱ ነበሩ። ለምን ብትሉ፣ ርዕሰ መስተዳድር የሚመረጠው ከክልሉ ምክር ቤት አባላት መካከል ነው፤ እነሱ ደግሞ ያኔ የምክር ቤት አባል አልነበሩም። ከ6ኛው አገር አቀፍ ምርጫ በኋላ ነው በየምክር ቤታቸው ርዕሰ መስተዳድር ተብለው የተመረጡት። የኦሮሚያው ምክር ቤት ጨፌ ይባላል።

እኔ በዚህ ሕግ እስማማለሁ። ራስ የሚሆነው ሰው መጀመሪያ ሕዝብ ድምፅ የሰጠው መሆን አለበት። አንድ ጓደኛዬ ግን «ሥራው ያው ከሆነ ስሙ ምን ለውጥ ያመጣል?» ብሎ ተከራከረኝ፤ እስካሁን አልተስማማንም።

በክፍላችን አለቃ ለመሆን ብዙ እጅ ይወጣል፤ ለምክትል አለቃ ሲባል ሁሉም ወደ መሬት ያያል። በእኛ ክበብም የምክትል ሰብሳቢ ቦታ ክፍት ነው። ምርጫው ዓርብ ከሰልፍ በኋላ ስለሆነ የምትፈልጉ ስማችሁን ለክበቡ ጸሐፊ አስመዝግቡ።