ጎንደር ላይ፣ መተማ ታች

በሐምሌና በነሐሴ ቦሌ አየር ማረፊያ ሻንጣ በሚጠበቅበት አዳራሽ ልጆች ይበዛሉ። ከዋሽንግተን፣ ከለንደንና ከስቶክሆልም ትምህርት ቤት እንደተዘጋ የሚገቡት ቤተሰቦች የያዙት ዕቅድ ብዙ አይለያይም፤ ጥቂት ቀን አዲስ አበባ፣ ከዚያ ጎንደርና ግንቡ፣ የቀረው ጊዜ አያት ወደተወለዱበት ገጠር። ዕቅዱ መልካም ነው። ከተማ ብቻ ያየ ልጅ ሆቴልና ሕንፃ አይቶ ይመለሳል፤ ገጠር ብቻ የገባ ደግሞ ሦስት ቀን ሳይሞላው ስልኩ ላይ ያፈጣል። ነገሩ የሚበላሸው የአያት አገር ቋራ፣ መተማ ወይም ምዕራብ አርማጭሆ ሲሆን ነው። የፈረንጅ በጋ እዚያ ክረምት ነው፤ ምድሩ ጭቃ፣ ወንዙ ሙሉ፣ ሰዉም ከእርሻው የማይነቃነቅበት ጊዜ። ጎንደርንና ቆላውን በአንድ ጉዞ ማየት የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ወሩን ይመርጥ።

መንገዱን በካርታ ላይ ያየ ሰው ይህን ምክር ሊንቀው ይችላል። ከጎንደር መተማ ዮሐንስ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዘዞን፣ አይከልን፣ ነጋዴ ባሕርንና የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ የሆነችውን ገንዳውኃን እያለፈ ድንበር ይደርሳል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ትላለች፤ መተማ ዮሐንስ ከ800 ሜትር በታች ናት። በአንድ ቀን መንገድ ተጓዡ ከጋቢ አገር ወደ ሸሚዝ አገር ይወርዳል። ጤፉና ገብሱ ከአይከል ወዲያ እየሳሳ ሄዶ ማሽላ፣ ሰሊጥና ጥጥ ይተኩታል፤ ቁልቁለቱ ሲያልቅ አየሩ ፊትን ይገርፋል።

ዋናው አስፋልት በክረምትም ያስኬዳል። እውነተኛው ገጠር ግን ከአስፋልቱ ወጥቶ ያለው ነው፤ የዚያ አፈር ደግሞ ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲጠግብ ጎማን እስከ መሐሉ ይውጣል። ወደ ቋራዋ ገለጉና ወደ አላጥሽ ፓርክ የሚወስዱት መንገዶች በሐምሌና በነሐሴ ለመኪና የሚሆኑ አይደሉም።

የቀደሙት ሰዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደርን ትቶ በዚሁ በኩል ወደ ሱዳኗ ስናር ሲወርድ የተነሣው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1771 ነው፤ ያኔ ራስ አልፊል በሚባለው በመተማ አካባቢ በሕመም ብዙ ሰንብቶ በቀጣዩ ኤፕሪል ስናር ገባ። ከእርሱ ሰባ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ አፄ ኢያሱን ለማከም የመጣው ግን በተቃራኒው ወቅት ነበር። በሜይ 1699 ከስናር ተነሥቶ ጎንደር የገባው በጁላይ፣ ዝናቡ ከያዘ በኋላ ነው። አብሮት የተጓዘው ኢየሱሳዊ ቄስ ጎንደር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ታሞ ሞተ። ከአንድ ሞት ሕግ አይወጣም፤ ሆኖም ከሁለቱ መንገደኞች የማንን ወር መከተል እንደሚሻል ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ጦር እንኳ ክረምቱ እስኪያልፍ ይጠብቅ ነበር። የሱዳን ደርቡሾች በዚህ መንገድ ወጥተው ጎንደርን ያቃጠሉት በጥር 1880 ዓ.ም. ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ የቆሰሉት መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ሲሆን በማግስቱ አረፉ። የከተማዋ ስም ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። በኋላም ጣሊያን ድንበሩን በያዘበት ጊዜ ብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሕንድ ወታደሮቹን አሰልፎ ጋላባትንና መተማን ያጠቃው ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነበር። ጋላባትን ያዘ፤ የጣሊያን አውሮፕላኖች ሲበረቱበት መተማን ሳይዝ አፈገፈገ። ስንቅና መድፍ የሚጎትት ሠራዊት የተወውን ወር፣ ልጅና ሻንጣ የያዘ ቤተሰብ የሚመርጥበት ምክንያት የለም።

የክረምቱ ትኬት ከተቆረጠና ወደኋላ መመለስ ካልተቻለስ? ያን ጊዜ ከተማው ጎንደር ይሁን፣ ገጠሩም ከጎንደር አጠገብ ይፈለግ።

ጎንደር ዝናብ ይስማማታል። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. የቆረቆሯት ከተማ በነሐሴ ግንቦቿ እንደ ታጠቡ ሆነው በአረንጓዴ ሣር መሐል ይቆማሉ፤ ዝናቡም ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚወርድ ጠዋቱ ለጎብኚ ነው። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አብዛኛው ሰው በአንድ ሰዓት ሮጦ ይወጣል፤ ይህ ግን ያለማየት ያህል ነው። የፋሲልን ግንብ ብቻ አይቶ ከመውጣት የኢያሱን ግንብ ፍራሽ ዞሮ ማየት፣ የእቴጌ ምንትዋብን ቤት ከሌሎቹ ማነጻጸር፣ ግድግዳው ላይ ድንጋዩን ከድንጋዩ ያያያዘውን ኖራ በጣት መዳሰስ ይሻላል። ከሰዓት ሲዘንብ ደግሞ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይግቡ። ጣሪያው ላይ በረድፍ የተደረደሩት ክንፋም የመላእክት ፊቶች ዓይኖቻቸው ትልልቅ ናቸው፤ የሚገርመው ግን አንዱ ፊት ከሌላው አለመመሳሰሉ ነው። ልጆች ይህን ከአዋቂ ቀድመው ያስተውላሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ከደርቡሽ እሳት የተረፈው ንቦች ወጥተው ወራሪውን ስላባረሩት ነው ይላሉ የአገሩ ሰዎች፤ ታሪኩ ቆላውን ከከተማው ጋር ስለሚያያይዝ ለጉዞው መክፈቻ ይሆናል።

ለገጠሩ ወለቃ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ ቤተ እስራኤል ይኖሩበት የነበረ፣ ዛሬም የሸክላ ሥራ የሚሸጥበት መንደር። ኮሶዬ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ጭጋጉ ሲገለጥ ወደ ቆላው የሚያሳይ ገደል አለው። ጎርጎራ ከጣና ዳር፣ ደብረ ሲና ማርያምን ይዛ በግማሽ ቀን ትደረሳለች። ነሐሴ 13 ቀን፣ በቡሄ ደግሞ ልጁ ጅራፍ ሲጮህና ጨፋሪ ቤት ለቤት ሲዞር የትም መንደር ቢገኝ ያየዋል፤ ሙልሙሉንም ይቀምሳል።

አሁን ወደ ታች፣ በትክክለኛው ወር።

የቆላው ዓመት የሚዞረው በሰሊጥ ነው። ሰኔ ማለቂያና ሐምሌ ላይ ይዘራል፤ ከዚያ አረም ነው። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ይታጨዳል። ከደጋው ሳሉግ የሚባሉ ወቅታዊ ሠራተኞች በመቶ ሺዎች ወደ መተማና ሁመራ ቆላዎች የሚወርዱት በዚሁ ሥራ ምክንያት ነው። ሰሊጥ ትዕግሥት የለውም፤ ጥቂት ቀን ካለፈበት ፍሬው ከማሳው ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ገና ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ይታጨድና በነዶ ታስሮ፣ ራሱን ወደ ላይ አድርጎ ሂላ ሆኖ ይቆማል። ሲደርቅ የእያንዳንዱ ፍሬ ጫፍ ይከፈታል። ያን ጊዜ ነዶው ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ሸራ ላይ በአፍጢሙ ይደፋል፣ በእንጨት መታ መታ ይደረጋል፤ ዘሩም ሸራው ላይ እንደ ዝናብ ይንሿሿል። ነዶውን ሲያነሣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ግማሹን መሬት ላይ ይዘራዋል፤ ለዚህ ነው እንግዳ «ልርዳችሁ» ሲል ባለ እርሻው ፈገግ ብሎ ውኃ አቅርቦ የሚያስቀምጠው።

ይህን ለማየት ጥቅምት ማለቂያና ኅዳር ይመቻሉ። ግን ወባም የሚበረታው ያኔ ነው። ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ታኅሣሥና ጥር ይሻላሉ፤ ሙቀቱ ይለዝባል፣ መንገዱ ይደርቃል፣ ጥጥ ይለቀማል፣ ሰዉም ለጨዋታ ፋታ ያገኛል። ከመጋቢት ወዲያ ያለው ወር ለማንም አይመከርም፤ ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል።

የታኅሣሥና የጥር ሌላው ገጸ በረከት ዕጣን ነው። ጎንደር ውስጥ ቡና ሲፈላ የሚጤሰው ዕጣን ከየት እንደሚመጣ የጠየቀ ልጅ መልሱን በመተማ ጫካ ያገኛል። ዛፉ ዋልያ መቀር ይባላል፤ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ፣ ወረቀት የመሰለ ልጡ እየተላጠ ይቆማል። ቀጂው ሚንጋፍ በሚባል ስለታም መሣሪያ ግንዱን በጥቂት ቦታ ጥፍር በሚያህል መጠን ይፍቀዋል። ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣና በአየር ይረጋል። ሁለት ሳምንት አልፎ ተመልሶ ይመጣል፤ የደረቀውን ይለቅማል፣ ያንኑ ቁስል ትንሽ ያሰፋዋል። በጋው እስኪያልቅ እንዲህ ይደጋገማል። ዛፉ ግን አደጋ ላይ ነው። መተማን ጨምሮ የተደረጉ ጥናቶችን መሠረት አድርገው እ.ኤ.አ. በ2011 ተመራማሪዎች እንደገለጹት በዚያው አያያዝ ከቀጠለ በ50 ዓመት ውስጥ የዛፉ ቁጥር 90 በመቶ ሊቀንስ ይችላል፤ ምክንያቱም እሳቱና ከብቱ ችግኙን አያሳድጉትም፣ ነቀዙም ትልልቁን ዛፍ ይገድላል። ዕጣን ቀጂ ያገኘ መንገደኛ ፎቶ ከማንሣቱ በፊት ጥቂት ቁጭ ብሎ ቢጠይቅ ከብዙ መጽሐፍ የማይገኝ ነገር ይሰማል።

ከዚህ የራቀ ልብ ያለው ቋራን ይመኛል፤ የመይሳው ካሳ፣ የኋላው አፄ ቴዎድሮስ አገር። በዚያው ወረዳ ያለው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል። ስፋቱ 2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በካሜራ ያነሡት የአንበሳ ምስል ሲወጣ የውጭ ጋዜጦች «ያልታወቀ የአንበሳ አገር ተገኘ» ብለው ጻፉ። የቋራ ሰው ግን ከብቱን ሲያስበላ ኖሯል፤ ለእርሱ ዜና አልነበረም። አላጥሽ እንደ ባሌ ወይም እንደ ሰሜን ተራሮች ሎጅና የተዘረጋ የጎብኚ መንገድ ያለው ፓርክ አይደለም፤ ያለ ፓርኩ ጠባቂና ያለ በቂ ውኃ መግባት እብደት ነው።

ስለ ጤና ጥቂት ቃል። የወባ መከላከያ መድኃኒት ከጉዞው አስቀድሞ ይጀመራል፤ አጎበር የራስን ይዞ መውረድ ነው። ከወባ ይልቅ የሚረሳው ካላዛር ነው። አስተላላፊዋ የአሸዋ ዝንብ በዋልካው ስንጥቅ ውስጥ ትውላለች፣ ሌሊት ትወጣለች፤ ላሎና ግራር ሥር ሜዳ ላይ የሚተኛ ሰው ይነከሳል። በሽታው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ በማያቋርጥ ትኩሳት፣ በክሳትና በጣፊያ ማበጥ ሊገለጥ ይችላል። ያን ጊዜ ሰውየው ስቶክሆልም ተመልሷል፤ ሐኪሙም ካላዛርን አያስብም። «መተማ ነበርሁ» የምትለዋ አረፍተ ነገር ያኔ ብዙ ምርመራ ታሳጥራለች። ጎንደር ላይ ግን ሐኪሞቹ በሽታውን ያውቁታል፤ እ.ኤ.አ. በ1954 በጤና ኮሌጅነት የተጀመረው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከቆላው የሚወጡትን የካላዛር ሕሙማን ለዓመታት ሲያክም ቆይቷል።

መተማ ዮሐንስ ራሷ የድንበር ከተማ ናት፤ ከጋላባት የሚለያት አንዲት ጠባብ ድልድይ ናት ማለት ይቻላል። በሱዳን ጦርነቱ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ከፈነዳ ጀምሮ በዚያች ድልድይ ብዙ ሺህ ሰው፣ ሱዳናዊም ኢትዮጵያዊም፣ ነፍሱን ይዞ ገብቷል። ድልድዩን፣ ኬላውንና የተፈናቃይ መጠለያውን ፎቶ ማንሣት ክልክልም ነው፣ ነውርም ነው። ከተማዋን ማየት የፈለገ ጠዋት ገበያውን ይዙር፤ ፉልና ሻይ ራኩባ በሚባለው ዳስ ሥር ይያዝ፤ ሱዳንኛው ዐረብኛና የጎንደሩ አማርኛ በአንድ ጠረጴዛ ሲለዋወጡ ይስማ። መታወቂያ ሁልጊዜ ኪስ ውስጥ ይሁን።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጸጥታው ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማለቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በዘለቀው ግጭት ምክንያት የጎንደር መተማ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ መንገደኛ እየታገተ ቤዛ የተጠየቀበትም ነው። ስለዚህ ከላይ የተባለው የወር ምርጫ ሁሉ ዋጋ የሚኖረው መንገዱ ሰላም ሲሆን ብቻ ነው። መረጃው ከቱር ድርጅት ማስታወቂያ አይገኝም። ጎንደር መናኸሪያ ከሚጭኑ ሾፌሮች፣ ገንዳውኃ ካለ ዘመድ፣ ከዚያ ደግሞ ከነዋሪ ነጋዴ በተለያየ ቀን ይጠየቅ። ሦስቱ ካልተስማሙ አለመውረድ ነው። ቤተሰቡ ያን ዓመት ከአይከል አፋፍ ላይ ሆኖ ቆላውን ቁልቁል አይቶ፣ አያትየውን ወደ ጎንደር አስመጥቶ ቢገናኝ ምንም አይጎድልበትም። እርጅና ያልከበዳቸው ከሆነ ደግሞ መምጣቱን እሳቸውም ይወዱታል፤ ሥላሴን ይሳለማሉ፣ ገበያ ይወጣሉ።

መንገዱ ሰላም ሆኖ የተገኘበት ዓመት ደግሞ ቅደም ተከተሉ ከቆላው ቢጀምር ይሻላል። የገናን ሰሞን መተማና ገንዳውኃ አሳልፎ፣ ጥር 10 ቀን ከተራ ሳይደርስ ወደ ጎንደር መውጣት፣ ከዚያ በፋሲል መዋኛ ጥምቀትን ማየት ነው። በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ውስጥ አልጋ ስለማይገኝ ክፍሉን ኅዳር ሳያልቅ የያዘ ሰው ይመቸዋል፤ ያልያዘ ደግሞ አዘዞ ወርዶ ይጠይቅ።