ሻማው ሲጠፋ ውሃው ለምን ከፍ ይላል?

የክበቡ ልጆች «ቲቸር፣ ለመስከረም እትም አንድ ትምህርታዊ ጽሑፍ ይስጡን» ሲሉኝ ሩቅ አልሄድኩም። ጳጉሜን ላይ ለ7ኛ ክፍል ሳይንስ ስዘጋጅ የሠራሁትን ሙከራ ነው የማካፍላችሁ።

«መምህር ደግሞ ምን ይዘጋጃል? መጽሐፉን ከፍቶ ማስተማር ነው» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እስቲ ሒሳቡን እንይ። ዘንድሮ የማስተምረው ክፍል 68 ተማሪ አለው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ቤተ ሙከራ የለንም። ሙከራውን እኔ ብቻ ፊት ቆሜ ባሳይ፣ ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ የተቀመጠ ልጅ የሚያየው የጓደኛውን ጭንቅላት ነው። ስለዚህ በ11 ቡድን ከፈልኳቸው፤ ዘጠኙ ቡድን ስድስት ስድስት፣ ሁለቱ ደግሞ ሰባት ሰባት ልጆች ይይዛሉ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ሻማ ለሦስት ተቆርጦ፣ አንድ ዝርግ ሳህንና አንድ ብርጭቆ ይበቃል። ብርጭቆ ያጣ ቡድን ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ያምጣ።

ለአየር ትምህርት የመረጥኩትን ሙከራ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሻማው ሳህን ላይ ይተከላል፣ ዙሪያው ውሃ ይፈስበታል፣ ይለኮስና ብርጭቆ ይደፋበታል። ነበልባሉ እየደከመ ሄዶ ድርግም ይላል። ውሃውም ወደ ብርጭቆው ውስጥ ይገባና ከፍ ይላል።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው፤ ነገሩ ያለው ማብራሪያው ላይ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የቆየ አንድ ማስታወሻ አለ። እሱ እንደሚለው፣ ሻማው በብርጭቆው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በሙሉ ይጨርሰዋል፤ ውሃውም የኦክስጅኑን ቦታ ለመያዝ ይገባል። ኦክስጅን የአየር አንድ አምስተኛ ገደማ ስለሆነ ውሃውም አንድ አምስተኛ ያህል ይወጣል። ሲነበብ ያምራል። ቁጥሩም የተመቸ ነው፤ አየር 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን፣ 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነውና። ሰሌዳ ላይ ብጽፈው በ68 ደብተር ይገለበጣል፣ ከዚያም ለታናናሾች ይነገራል። እውነት ካልሆነስ?

ሁለት የ8ኛ ክፍል የሚኒ ሚዲያ አባላት ሊያግዙኝ መጡ። ውሃው በደንብ እንዲታይ በቀይ ሥር ጭማቂ አቀለምነው። መጀመሪያ በአንድ ቁራጭ ሻማ ሠራነው። ብርጭቆውን ስንደፋ ከአፉ ሥር ቡልቅ ቡልቅ የሚል አረፋ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ሻማው ጠፋ። ይኼኔ አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ ውሃው እኮ ሻማው እየነደደ ብዙም አልወጣም፤ ከጠፋ በኋላ ነው ሽቅብ ያለው!» አለችኝ። ልክ ናት። ኦክስጅኑ እያለቀ ስለሄደ ቢሆን ኖሮ ውሃው ሻማው እየነደደ ቀስ በቀስ መውጣት ነበረበት። ውሃው የደረሰበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግንበት።

ቀጥለን በዚያው ብርጭቆ ሦስቱንም ቁራጭ አንድ ላይ ለኮስን። ውሃው ከምልክቱ በግልጽ በለጠ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። ብርጭቆው አንድ ነው፤ በውስጡ ሊኖር የሚችለው ኦክስጅን በሦስት ሻማ ምክንያት አይበዛም። ማስታወሻው ትክክል ቢሆን ኖሮ ውሃው እዚያው ምልክቱ ላይ ይቆም ነበር።

ሦስተኛው ሙከራ እሳት የለውም፤ እኔ ግን ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነው። ብርጭቆውን በሞቀ ውሃ (በፈላ አይደለም፣ ይሰነጠቃል) ሞልተን ትንሽ አቆየነው። ከዚያ ውሃውን ደፍተን ብርጭቆውን ቶሎ ሳህኑ ላይ ባለው ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ገለበጥነው። ምንም ሳይነድ ውሃው ገባ!

እንግዲህ የሚሆነው ይህ ነው። ነበልባሉ አየሩን ያሞቀዋል። የሞቀ አየር ይስፋፋል፣ ከፊሉም ያመልጣል፤ አረፋው እሱ ነበር። ሻማው ሲጠፋ የቀረው አየር ይቀዘቅዛል፣ ሻማው ሲነድ የተፈጠረው የውሃ ተንም ወደ ጠብታ ይመለሳል። ስለዚህ በብርጭቆው ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል። የውጭው አየር ደግሞ ሳህኑ ላይ ያለውን ውሃ እየተጫነ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። በአነጋገር «ውሃው ተሳበ» እንላለን እንጂ የተገፋ ነው። ኦክስጅኑስ? ሻማ ኦክስጅኑን ጨርሶ አይጨርሰውም፤ መጠኑ ወደ 16 በመቶ ገደማ ሲወርድ ይጠፋል። በሄደው ኦክስጅን ፋንታም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተካል። የኦክስጅኑ መቀነስ ጥቂት ድርሻ አለው፤ ዋናው ግን የአየሩ መሞቅና መቀዝቀዝ ነው።

ይህን ለአንድ ባልደረባዬ ሳሳያቸው «ጥሩ ነው፣ ግን ጊዜዎን ይበላብዎታል። ደግሞስ ፈተና ላይ የድሮው መልስ ቢመጣ ልጆቹ ምን ይሁኑ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ጊዜውን በተመለከተ ሻማዎቹ ቀድመው ከተቆረጡ ሦስቱም ሙከራ በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃሉ። የ7ኛ ክፍልን ፈተና ደግሞ የምናወጣው እኛው ስለሆንን፣ በመጀመሪያው የሳይንስ መምህራን ስብሰባ ሦስቱን ሙከራ አብረን እንድንሠራ ጠይቄአለሁ። ሁላችንም ካየነው በኋላ እንነጋገራለን።

ክፍል ስገባ ከመሥራታችን በፊት አንድ ታሪክ እነግራቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ዓይነት ነበሩ። ሰው ሁሉ በዚያ ያልፋል፤ እሳቸው ግን አይተው አላለፉም፣ በሕይወት ያሉትን በእንዶድ አረፋ ሞክረው ሲሞቱ አዩ። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ተማሪ ውሃው የት ድረስ እንደሚወጣ ግምቱን ደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ ሳይጽፍ ሻማ አይለኮስም። ክብሪቱ ያለው በእኔ እጅ ብቻ ነው። ሻሽና ነጠላም ከነበልባል ይራቅ።

እቤት ለመሞከር ለምትፈልጉ እሳት የሌለውን ሦስተኛውን ምረጡ። አንድ ጥያቄ ልጨምርላችሁ፦ ብርጭቆውን በሞቀ ውሃ ፋንታ በቀዝቃዛ ውሃ አቆይታችሁ ብትገለብጡት ምን ይሆናል? መጀመሪያ ግምታችሁን ጻፉ፣ ከዚያ ሞክሩት። ሁለቱንም ከነስማችሁና ከነክፍላችሁ በሚኒ ሚዲያው ሳጥን ውስጥ አስገቡ፤ በጥቅምት እትም እናወጣዋለን።