ግሉተን የሌለው የዶሮ አሮስቶ፣ ከነእንጀራው

ሴልያክ ያለበት ሰው ለእራት ስትጠሩ የመጀመሪያው ሐሳብ «እኛ እንጀራ ነው የምንበላው፣ ምን ችግር አለው?» የሚል ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ይህ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የሆላንድ ተመራማሪዎች የተለያዩ የጤፍ ዝርያዎችን መርምረው ለሴልያክ ታማሚ ጎጂ የሆነውን ፕሮቲን እንዳላገኙ በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳትመዋል። ስቶክሆልም አካባቢ በየቤታችን የሚጋገረው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ጤፍ ብቻ አይደለም። ስንዴ ይገባበታል፣ ገብስ ይገባበታል፣ አንዳንዴም ሁለቱም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ዶሮውን አብረን እንጠብሳለን፣ ነገር ግን ብዙውን ጊዜያችንን የሚወስደው በዶሮው ዙሪያ ያለው ነገር ነው።

የምናበስለው ለአራት ሰው ነው፤ አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን ሙሉ ዶሮ፣ ድንችና ካሮት፣ መረቅ እና እንጀራ። የማበስለው ኡፕላንድስ ቬስቢ ባለው ቤታችን፣ በተራ የኪራይ ቤት ምድጃ ነው። ልዩ ዕቃ አያስፈልግም፤ ከአንድ የሥጋ ቴርሞሜትር በስተቀር።

በቅድሚያ በሽታውን እንወቀው። ሴልያክ አለርጂ አይደለም፤ «ሆዴን ይነፋኛል» የሚባለው ዓይነት አለመስማማትም አይደለም። በዘር የተዘጋጀ ሰው ግሉተን ሲበላ የራሱ የመከላከያ ኃይል የትንሹን አንጀት ግድግዳ ያጠቃል። ምግብ የሚመጡት ጣት መሰል ቪሊዎች ይሟሽሻሉ፤ ብረት፣ ፎሊክ አሲድ፣ ካልሲየም ሳይመጠጡ ያልፋሉ። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ተቅማጥ ሳይኖረው በደም ማነስ ብቻ የሚገኘው። የአክስቴ ልጅም እንዲሁ ነው የታወቀባት፤ ለሁለት ዓመት የብረት ክኒን እየዋጠች የደሟ መጠን ከፍ ሊል አልቻለም ነበር። እኛ ዘንድ «ሴት ልጅ ናት፣ ትንሽ ደም አንሷት ነው» ተብሎ ስለሚታለፍ ይህን አስምሬበት አልፋለሁ።

ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ዊለም ካረል ዲከ ግሉተንን ከበሽታው ጋር ያያያዘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 ክረምት በሆላንድ ዳቦ በጠፋ ጊዜ ታማሚ ልጆች ሲሻላቸው አየ፤ ዳቦ ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ስዊድን ደግሞ የራሷ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1996 ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ በሽታው በድንገት በዛ፤ ለሕፃናት ግሉተን የሚሰጥበት ጊዜና መጠን ከምክንያቶቹ አንዱ ተደርጎ ይጠቀሳል። በዚያ ዘመን ከተወለዱት መካከል በ1993 የተወለዱ የ12 ዓመት ልጆች በደም ምርመራ ሲታዩ ወደ 3 በመቶ የሚጠጉት ሴልያክ ነበረባቸው። ይህ ለምግብ ሰሪ ምን ይጠቅመዋል ካላችሁኝ፣ የስዊድን ሱቆች መደርደሪያ ለምን እንዲህ እንደሞላና አስተናጋጁ ለምን ሳትጠይቁት እንደሚጠይቃችሁ ያስረዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ራሳችሁን ከጠረጠራችሁ ግሉተን ከማቆማችሁ በፊት ተመርመሩ። ደም የሚታየው አካሉ ለግሉተን ለሠራው ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ አስቀድማችሁ ካቆማችሁ ቁጥሩ ወርዶ ምርመራው «የለባችሁም» ሊላችሁ ይችላል። 1177 ላይ ደውሉ ወይም ጤና ጣቢያ ቀጠሮ ያዙ፤ ቀጠሮው እስኪደርስ ዳቦውን እንደ ወትሮው ብሉ።

አሁን ወደ ሱቅ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ «ግሉተንፍሪ» የሚል ምግብ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን ሊኖረው አይችልም። ይህ ጽሑፍ የሌለበት ምግብ ሁሉ የተከለከለ ነው ማለት አይደለም፤ ድንች ላይ ማንም አይጽፍበትም። የይዘት ዝርዝሩን ማንበብ ነው። እህሎቹ በደማቅ ፊደል ስለሚታተሙ ፍለጋው ቀላል ነው፤ ቬተ ስንዴ ነው፣ ሮግ ጥቁሩ የስዊድን ዳቦ የሚጋገርበት እህል ነው፣ ዲንከልም የስንዴ ዘመድ ነው። ኮርን ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። እንግሊዝኛ የለመደ ሰው በቆሎ ይመስለዋል፤ በስዊድንኛ ኮርን ገብስ ነው፣ በቆሎ ማይስ ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከአሜሪካ መጥታችሁ ስዊድንኛ ገና እየተማራችሁ ከሆነ ይህችን አንዲት ቃል ያዙልኝ። ሃቭረ፣ ማለትም አጃ፣ «ግሉተንፍሪ» የሚል ካለበት ለአብዛኛው ታማሚ ይሆናል፤ ተራው አጃ ግን በእርሻና በወፍጮ ከስንዴ ጋር ስለሚነካካ አይሆንም።

ዶሮው ያልተቀመመ ይሁን። ተቀምሞ የታሸገው ውስጥ ምን እንደገባ ለማንበብ መነጽር ያስፈልጋል። የሾርባ ኩብና ሶያ ሶስም ተጠርጣሪዎች ናቸው፤ ሶያ ሶስ አብዛኛውን ጊዜ በስንዴ ነው የሚሠራው።

በርበሬውስ? በርበሬ ራሱ ግሉተን የለውም። ጥያቄው የት ተፈጨ የሚለው ነው። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣው በርበሬ የሰፈር ወፍጮ ቤት ነው የተፈጨው፤ ያው ድንጋይ ከሰዓት በፊት የማንን ስንዴ፣ የማንን በሶ ሲፈጭ እንደዋለ አይታወቅም። ሽሮም እንዲሁ። ለዚህ እራት ዛላውን በርበሬ ገዝታችሁ ከነቅመሙ በንጹሕ የቡና መፍጫ ፍጩት። እናቶቻችን ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ይሳቁ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የጣሊያን ጥናት በቀን 50 ሚሊግራም ግሉተን ለሦስት ወር መውሰድ አንጀትን ሊጎዳ እንደሚችል አሳይቷል። ይህ ከአንዲት የዳቦ ቁራጭ አርባ አንደኛ እጅ ገደማ ነው።

ዶሮ ማጠብን በተመለከተ ከቤተሰብ ጋር ክርክር እንደሚነሳ አውቃለሁ። በእኛ ባህል ያልታጠበ ዶሮ ነውር ነው፤ በሎሚና በጨው ውሃው ኩል እስኪል ድረስ ደጋግሞ ማጠብ የሙያ መለኪያ ነው። ምክንያቱም ነበረው። ዶሮው እደጅ ይታረዳል፣ ላባው ይነጫል፣ በእሳት ይለበለባል፣ አንጀቱ እቤት ይወጣል። እዚህ የምንገዛው ያ ሁሉ ያለፈለት ነው። የቀረው አደጋ ካምፒሎባክተር የሚባለው በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው፤ እሱን ደግሞ የቧንቧ ውሃ አይገድለውም፣ ወደ ሰሐኑና ወደ ሰላጣው ይረጨዋል እንጂ። የስዊድን የምግብ ባለሥልጣንም ዶሮ አትጠቡ ይላል። ሽታው ካስቸገራችሁ በወረቀት አድርቁትና በሎሚ እሹት፤ ሎሚው ሥራውን ይሠራል፣ ውሃው አይረጭም።

ዶሮው በረዶ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቅለጥ። 60 ግራም ንጥር ቅቤ ለስለስ ሲል አንድ የተከመረ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ እና ጨው ቀላቅሉ። ይህን ውህድ ቆዳው ላይ አትቀቡት። ጣታችሁን በደረቱ በኩል በቆዳውና በሥጋው መካከል አስገብታችሁ ከሥር አስርጉት። በርበሬ በግልጽ ሙቀት ላይ ይከስላል፣ ይመርራል፤ ከቆዳው ሥር ግን ቅቤው እየቀለጠ ሥጋውን ይዞ ይወርዳል። ቆዳውን በቀረ ንጹሕ ቅቤና ጨው ብቻ እሹት፤ ሆዱ ውስጥ ግማሽ ሎሚ ክተቱ።

ትሪው ላይ 800 ግራም ድንች፣ ጥቂት ካሮትና ሦስት ቀይ ሽንኩርት በትልልቁ ቆራርጣችሁ አንድ ዴሲሊትር ውሃ ጨምሩ፤ ዶሮውን ከላይ አስቀምጡ። በ220 ዲግሪ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ በ175 ዲግሪ አንድ ሰዓት ያህል። ሰዓቱን አትመኑ፣ ቴርሞሜትሩን እመኑ። አጥንት ሳይነካ ወፍራሙ የታፋ ሥጋ ውስጥ ይግባ፤ 70 ዲግሪ ለደኅንነቱ ይበቃል፣ እኔ ግን 75 እስኪሞላ እጠብቃለሁ፤ ታፋ ከዚያ በታች ሲሆን እንደ ላስቲክ ይሆናል። አውጥታችሁ 15 ደቂቃ ይረፍ።

መረቁን የሚያበላሸው ዱቄት ነው፤ በስዊድን ቤት መረቅ የሚወፍረው ብዙ ጊዜ በስንዴ ዱቄት ነውና። ከትሪው የወረደውን ጭማቂ ስቡን ገፋችሁ ሦስት ዴሲሊትር ያህል አድርሱት፣ አፍሉት፣ ከእሳት አውርዱት። አንድ የሾርባ ማንኪያ የድንች ስታርች በሁለት ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ እያማሰላችሁ ጨምሩ። ወደ እሳት መልሱትና አንዴ ቡልቅ ሲል አንሱ፤ ብዙ ከፈላ እንደ ሙጫ ይሳባል። ማጥለያችሁ የስንዴ ዱቄት ሲነፋበት የኖረ ከሆነ አትጠቀሙበት። ወንፊት ቢታጠብም ከሽቦው መካከል ዱቄቱ አይወጣም።

እዚህ ላይ የነርስነት ትምህርቴ ጣልቃ ይግባ። ባክቴሪያንና ግሉተንን የምንከላከልባቸው መንገዶች ይመሳሰላሉ፤ ለየት ያለ መክተፊያ፣ ለየት ያለ ቢላ፣ የታጠበ እጅ። ግን ሁለት ልዩነት አለ። ካምፒሎባክተርን ሙቀት ይገድለዋል፤ ግሉተንን ምድጃ አያጠፋውም። የእጅ አልኮልም እንዲሁ፤ ተግባር ልምምድ ላይ ቀኑን ሙሉ እጃችንን ስለምናሽበት ሁሉን የሚያነጻ ይመስለናል። አልኮል ተሕዋስ ይገድላል እንጂ ፕሮቲን ከእጅ ላይ አያነሳም። ዳቦ የነካ እጅ በሳሙናና በውሃ ነው የሚታጠበው።

እንጀራው ከዶሮው ይከብዳል። «ጤፍ እንጀራ» ተብሎ የሚሸጠውን ስንት እጅ ጤፍ ነው ብላችሁ ጠይቁ። የሚቀላቅሉት ለማታለል አይደለም፤ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ በዚህ አገር ደረቅ አየር ቶሎ ይሰነጣጠቃል፣ ጤፉም ውድ ነው። ለዚህ እራት «ግሉተንፍሪ» የሚል የጤፍ ዱቄት ግዙ። ከዱቄቱ ይልቅ የሚረሳው እርሾው ነው። እናቴ ለዓመታት ያቆየችው እርሾ ስንዴ ካለበት ሊጥ የተወሰደ ስለሆነ ከእርሱ የተነሣ ሊጥ ሁሉ ስንዴ አለበት፤ መቡካቱ ግሉተኑን ለታማሚ እስኪስማማ ድረስ አይበላውም። ስለዚህ ዱቄትና ውሃ ብቻ አቡክታችሁ ከዜሮ ጀምሩ። በቬስቢ ክረምት አራት አምስት ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ ቡሃቃውን ማሞቂያው አጠገብ አኑሩት። አብሲት መጣሉን አትተዉ፤ ያለ ስንዴ የሚለሰልሰው በእርሱ ነው። ምጣዱም ቢሆን ስንዴ ያልተጋገረበት ይሁን፤ የሸክላ ምጣድ የጠጣውን ስለማይመልስ አዲስ መጥበሻ ይሻላል።

ከዚያ ማዕዱ ይቀርባል፤ ከሁሉ የሚከብደውም ይኸኛው ነው። ብዙ ቤት የሚደረገው ለታማሚዋ ለብቻ ሰሐን መስጠት ነው። በሕክምና ዓይን ትክክል ነው። ነገር ግን እኛ ዘንድ ለብቻ ሰሐን የሚቀርበው ለእንግዳ ወይም ለተኳረፈ ሰው ነው። የአክስቴ ልጅ ለወራት እንዲህ በላች፤ አክስቴ ደግሞ ከራሷ ማዕድ ጠቅልላ እየዘረጋች «ይህ ያሳደገሽ እጅ ነው፣ ዛሬ ነው የምትፈሪው?» ትላት ነበር። «እማዬ፣ እጅሽን አይደለም፣ እንጀራውን ነው» ብላ መለሰችላት። ጉርሻ እምቢ ማለት ለሁለቱም ቀላል አልነበረም።

ስለዚህ የእኔ ምክር፣ በዚህ እራት ማንም ለብቻ አይብላ። መሶቡ ላይ ያለው ሁሉ ግሉተን የሌለው ይሁን፤ ወጪው ለአንድ እራት የሚቻል ነው። ድፎ ዳቦው በዚያ ምሽት አይቆረስ፣ ጠላም አይቅረብ፤ ጠላ በገብስ ብቅል ነው የሚጠመቀው። ጠጅ ማርና ጌሾ ስለሆነ ይጠጣ። የስፌት መሶቡ ላይ የድሮ እንጀራ ፍርፋሪ ስለማይጠፋ ትሪ አድርጉበት። እጅ ማስታጠቡን ሳሙና ይዛችሁ እንደ አገር ቤቱ በየተራ አድርጉት። ያኔ ማንም ማንንም ቢያጎርስ ችግር የለም፤ አክስቴ ያን ቀን ሦስቴ አጎረሰቻት፣ ሦስተኛው ለአፍ የሚበዛ ነበር።

የተረፈውን ሥጋ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ አስገቡ። አጥንቱን ከአንድ ሽንኩርትና ከቁንዶ በርበሬ ጋር ለሁለት ሰዓት ቀቅላችሁ መረቁን አጥልሉ፤ በማግስቱ የተረፈው የጤፍ እንጀራ በእርሱ ይፈተፈታል።