ትምህርት ዐሥራ አንድ፦ ከአገሩ ርቆ የሚሠራ ባለሙያ

ባለፈው ትምህርት ስለ አንድ ቦታ ገላጭ ድርሰት እንዴት እንደሚጻፍ ተመልክታችኋል። በዚህ ትምህርት ደግሞ ስለ አንድ ሰው፣ ይኸውም በእጁ ሙያ ስለሚያድርና ከትውልድ ቀዬው ርቆ ስለሚኖር ሰው መጻፍን ትለማመዳላችሁ። ርእሱ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የተማሪዎችን ድርሰት ለዓመታት ያረመ መምህር ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ስለ ባለሙያ ጻፉ ሲባል ብዙው ተማሪ «ሥራ ክቡር ነው» ብሎ ይጀምርና ባለሙያው በእጁ ምን እንደሚይዝ እንኳ ሳይነገር ድርሰቱ ያልቃል። ሥራው ተመስግኗል፤ ሠራተኛው ግን አልታየም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ምንባብ የሚነገርበት ቦታ ካኮ ነው። ካኮ በደቡብ ኦሞ፣ በበና ፀማይ ወረዳ፣ ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ተራኪው የዶርዜ ሸማኔ ነው። የጋሞ ሸማኔዎች ከደጋው ወርደው በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳና በብዙ ሌሎች ከተሞች ተሰራጭተው እንደሚኖሩ ታውቃላችሁ። ሰውየው ለማስተማሪያ የታሰበ ነው፤ የሥራው ዕቃ፣ የገበያው ቀንና የአገሩ ልማድ ግን እውነተኛ ነው። ምንባቡን መጀመሪያ በዝምታ፣ ቀጥሎም ድምፃችሁን አሰምታችሁ አንብቡ።

ምንባብ

«የሽመና ሥራ የለመድሁት ከአጎቴ ነው። ገና ልጅ ሳለሁ ከጉድጓዱ አጠገብ አስቀምጠው ማጉን በቀሰም ላይ እንዳጠነጥን ሰጡኝ። ክሩ ሲበጠስብኝ አይቈጡም ነበር፤ የተበጠሰውን ቋጥረው፣ ቋጠሮውን በጣታቸው አሽተው፣ ዝም ብለው ይመልሱልኛል። ከጉድጓዱ ገብቼ እንድሠራ የፈቀዱልኝ እግሬ ከመርገጫው ሲደርስ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ለቤት የሚሆን ሸማ እንጂ ለገበያ የሚወጣ አላሠሩኝም። ከእኩዮቼ አንዳንዶቹ ‹ትማራላችሁ› ተብለው አዲስ አበባ ተወስደው ነበር። ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ሲሸምኑ ኖረው፣ ደመወዝም ፊደልም ሳያገኙ አደጉ። እነርሱም ሙያውን ያውቁታል፤ ከእኔ ይልቅ ይፈጥናሉ። ነገር ግን አንድም ቀን ሰው ሲያስተምሩ አላየሁም።

«ከዶርዜ ስወጣ መወርወሪያዬንና ጥቂት የእንጨት ዕቃ በጆንያ ያዝሁ። የሸማኔ ጉድጓድ ግን ተይዞ አይሄድም። በአርባ ምንጭ፣ በኮንሶና በወይጦ አልፌ ካኮ ስደርስ ከሁሉ በፊት የፈለግሁት የምቈፍርበት መሬት ነው። ቤት ያከራዩኝ አረጋዊ የበና ሰው ናቸው። ከደጃቸው ስቈፍር ቢያዩኝ ተጨነቁና በአስተርጓሚ ‹ምን ልትቀብር ነው?› ብለው ጠየቁኝ። ‹እግሬን ነው፣ አባቴ› አልኋቸው። እስኪገባቸው ድረስ አልሳቁም። ሲገባቸው ግን ልጆቻቸውን ሁሉ ጠርተው እስከ ወገቡ ተቀብሮ የሚሠራውን ሰው አሳዩአቸው።

«አሁን የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከአጠገቤ ይቀመጣል። ‹ጋሼ፣ ተበጠሰ› ይለኛል። አጎቴ ያደርጉት የነበረውን አደርጋለሁ፤ ሁልጊዜ ግን እንደ እርሳቸው ዝም አልልም።

«እሑድ አልሸምንም። በየወሩ በሃያ ሦስትም ስለ ጊዮርጊስ አልሠራም። አንድ እሑድ የጭነት መኪና ሹፌር መጥቶ የተጀመረ ጋቢ እንድጨርስለት ለመነኝ፤ ዋጋም ጨመረ። ‹ነገ ና› አልሁት። ወደ ጂንካ አለፈ፤ አልተመለሰም። ብሩን ሳስበው ሰነበትሁ፤ አላሰብሁትም ብል እዋሻለሁ። በማግሥቱ ሰኞ የካኮ ገበያ ነበር። ሰኞ ዶርዜም ገበያ ነው። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን በሁለት ገበያ እውላለሁ።

«ለመስቀል አገሬ እገባለሁ። ቤታችን በቀርከሃ የተሠራ ረጅም ቤት ነው። ምስጥ እግሩን ሲበላው የተበላው ይቈረጥና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ከአዲስ ቦታ ያቆመዋል፤ ስለዚህም ቤቱ በዕድሜው ብዛት እያጠረ ይሄዳል። አንድ ዓመት ብደርስ ቤቱ ከነበረበት የለም። ከእንሰቱ ወዲያ ተዛውሮ አገኘሁት። በሸክሙ ጊዜ አልነበርሁም። ጎረቤቶቼ ምንም አላሉኝም፤ እናቴ ግን ‹ጐንበስ ብለህ ግባ፣ በሩ አጥሯል› አለችኝ።»

የቃላት ጥናት

በምንባቡ መጀመሪያ ተራኪው «ተማርሁ» አላለም፤ «ለመድሁ» አለ። ልዩነቱን አስተውሉ። «ተማረ» ከግእዙ «መሀረ» የመጣ ሲሆን «መምህር» የሚለውም ከዚያው ይወጣል፤ ፊደልንና መጽሐፍን ያስታውሳል። «ለመደ» ግን በመደጋገም የአካል ገንዘብ የሆነውን ዕውቀት ያመለክታል። የዚህ ግስ ቤተሰብ ሰፊ ነው፤ ልማድ፣ ልምድ፣ ልምምድ፣ ለማዳ፣ ተለማማጅ ሁሉም ከአንድ ሥር ይወጣሉ። በዕብራይስጥም ይኸው ሥር መማርን ያመለክታል፤ ታልሙድ የተባለው የአይሁድ መጽሐፍ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። (ተማሪዎች «ተለማመደ»ንና «ተለማመጠ»ን ሲያቀላቅሉ ይታያል። ሁለተኛው መለመን፣ ማባበል ማለት ነው፤ ከሥራ ጋር ዝምድና የለውም።)

ከዚህ ቤተሰብ ውስጥ ለትምህርታችን የሚበልጠው «አለማመደ» የሚለው ነው። «አስለመደ» አንድን ነገር ልማድ እንዲሆን ማድረግ ነው፤ በግዴታም ሊሆን ይችላል። «አለማመደ» ግን የመካከለኛውን ፊደል በመድገሙ ቀስ በቀስ፣ ደጋግሞ፣ ከተማሪው ጋር ሆኖ ማሠራትን ያሳያል። አጎትየው ልጁን አለማመዱት። ወደ ከተማ የተወሰዱት ልጆች ግን ፍጥነትን እንዲለምዱ ተደረጉ እንጂ ያለማመዳቸው አልነበረም። ከጋሞ ደጋ ሕፃናት በዘመድና በደላላ እጅ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው በሽመና ጕልበታቸው ሲበዘበዝ መኖሩ በብዙ ጥናት የተመዘገበ ነገር ነው። ምንባቡ ይህን በቍጣ አልተናገረም። «አንድም ቀን ሰው ሲያስተምሩ አላየሁም» የሚለው አንድ ዐረፍተ ነገር ከረጅም ውግዘት ይልቅ ይከብዳል።

አሁን ደግሞ ለባለሙያ ወደሚሰጡት ስሞች እንለፍ። «ጠቢብ» በግእዝ ብልህ፣ ዐዋቂ ማለት ነው። ይኸው ቃል በአማርኛ አፍ «ጠይብ» ሆነና ለአንጥረኛና ለሸክላ ሠሪ መስደቢያ ሆኖ ኖረ። ዐዋቂ ማለት የነበረው ቃል መናቂያ እስኪሆን ድረስ የተለወጠው በድምፅ ብቻ አይደለም፤ የሰሚውም ልብ ተለውጧል። «ዶርዜ» የአንድ ሕዝብና የአንድ አገር ስም ነው፤ በከተማ ግን ከየትኛውም የጋሞ አገር የመጣውን ሸማኔ ሁሉ «ዶርዜ» ማለት ተለምዷል። ከአገሩ ርቆ የሚኖረውም ሰው ብዙ ስም አለው። «እንግዳ» የሚያስተናግደው ሰው እንዳለ ያሳያል። «ስደተኛ» ከኋላው ያሳደደው ነገር መኖሩን ይናገራል። «መጤ» ግን መጣ ከሚለው ግስ ወጥቶ መምጣቱን ብቻ ይቈጥራል፤ ሰውየው ሃያ ዓመት ቢኖር፣ ልጅ ቢወልድ፣ ቢያስተምር፣ ቃሉ ገና ትናንት እንደ ደረሰ አድርጎ ያቆመዋል። በድርሰታችሁ ውስጥ ይህን ቃል ልትጠቀሙበት ብትፈልጉ በሌላ ሰው አፍ ላይ አድርጉት እንጂ በራሳችሁ አንደበት አትናገሩት።

ይህ የቃል ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ ከካኮ ብዙ ሳንርቅ አንድ ምሳሌ እንመልከት። በጂንካ ዙሪያ በሚኖረው በአሪ ሕዝብ ዘንድ ገበሬዎቹ ካንጻ፣ አንጥረኞቹና ሸክላ ሠሪዎቹ ማና ይባላሉ። ሁለቱ ወገኖች አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፤ በልማዱ ግን አይጋቡም ነበር። ገበሬው ምድሩን የሚቈፍርበትን ብረትና የሚያበስልበትን ሸክላ ከማናው ይገዛል፤ ሠሪውን ግን ከቤቱ አያስገባም። አንጥረኞቹ ከሌላ ጥንታዊ ዘር የተረፉ ናቸው የሚል ግምትም ለረጅም ጊዜ ሲነገር ቆይቷል። በ2007 ዓ.ም. የወጣ የዘረ መል ጥናት ግን የአሪ አንጥረኞችና ገበሬዎች ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ግንድ የተለዩ መሆናቸውን፣ በመካከላቸው የሚታየውም ልዩነት አንጥረኞቹ ተገልለው እርስ በርሳቸው ብቻ በመጋባታቸው የመጣ መሆኑን አመለከተ። መለያየቱን ያመጣው ደም አልነበረም፤ መገለሉ ነው እንጂ።

በመላው አገርም ነገሩ እንግዳ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለዋል። የዐዋጁ ክርክር የሚያስገርም ነው፤ ሰው ባለሙያውን እየሰደበ ቢያባርር አገሪቱ ማረሻ የሚሠራላት እንኳ ታጣለች የሚል ነበርና። ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ስድብ ሲያውጁ ስለ እርሻ መናገራቸው ነበር።

ስለ አጻጻፉ

ተራኪው ለማን እንዴት እንደሚናገር ተመልከቱ። አጎቱንና አከራዩን በአክብሮት ግስ ይጠራቸዋል፤ «አስቀምጠው»፣ «ጠየቁኝ» ይላል። እናቱን ግን «አለችኝ» ይላል። ይህ እርስዋን ማቃለል አይደለም፤ በአማርኛ እናት በአንቺታ የምትጠራው በቅርበትዋ ነው። «አሉኝ» ቢል ኖሮ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር በቀዘቀዘ ነበር። የሠፈሩ ልጅ ደግሞ ሸማኔውን «ጋሼ» ይለዋል። አንድ ሰው በማያውቁት አገር ሥር መስደዱን ለመግለጽ ከዚህ አንድ ቃል የሚበልጥ ማስረጃ አያስፈልግም።

ስለ እምነቱም እንዲሁ ነው። ሰውየው ስለ ሃይማኖቱ አልሰበከም፤ የሄደበትን ሹፌር ነገረን እንጂ። እምነትን በድርሰት ውስጥ ለማሳየት የምታምነውን መናገር ብቻ አይበቃም፤ እምነቱ በሥራ ቀን ምን እንዳስከፈለ ወይም ምን እንዳላስቀረ መታየት አለበት። ፈረንሳዊው የሰው ባህል ተመራማሪ ዳን ስፐርበር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በደንብ የሚያሳይ ነገር ከዶርዜ ጠቅሷል። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል ይሉ ነበር። ይሁን እንጂ ዶርዜው ረቡዕና ዓርብም ቢሆን ከብቱን ከነብር መጠበቁን አይተውም። ተማሪ ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ መሳቁም ደግ ነው። ጸሐፊ ግን ሁለቱንም፣ የሚባለውንና የሚደረገውን፣ አንዱን በሌላው ሳያፈርስ መጻፍ ይኖርበታል።

አገርን መናፈቅ ደግሞ የተማሪ ድርሰት በቶሎ የሚበላሽበት ቦታ ነው። «አገሬ በጣም ትናፍቀኛለች» የሚለው እውነት ነው፤ ግን የማንም ሰው ሊሆን ይችላል። ቤቱ በሌለበት መዛወሩ፣ በሸክሙ ጊዜ አለመኖሩ፣ በሩ ማጠሩ ግን የዚህ ሰው ብቻ ነው። በምንባቡ ውስጥ «ናፍቆት» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ እንደማይገኝ ፈልጋችሁ አረጋግጡ።

መልመጃ

በመጀመሪያ «ቀጠቀጠ»፣ «ፈተለ» እና «ሠራ» ከሚሉት ግሦች እንደ «አለማመደ» መካከለኛ ፊደላቸው የሚደገም ቅርጾችን አውጡ፤ የሚደገም ቅርጽ የሌለው ቢኖር ዝም ብላችሁ እለፉት እንጂ አትፍጠሩለት። ቀጥሎም ሸማኔው ከሹፌሩ ጋር የተነጋገረውን በኢቀጥተኛ ንግግር መልሳችሁ ጻፉ፤ «ነገ» የሚለው ቃል ምን እንደሚሆን ልብ በሉ።

ከዚያ በኋላ በከተማችሁ ከሌላ አገር መጥቶ በእጅ ሙያ የሚሠራ አንድ ሰው ፈልጉ። ልብስ ሰፊ፣ ግንበኛ፣ አናጢ፣ ጫማ ጠጋኝ ሊሆን ይችላል። ስለ ሥራ ምን ያስባሉ ብላችሁ አትጠይቁት፤ ሰው ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የሚመልሰው የሰማውን ነው። ከአገሩ ሲወጣ በከረጢቱ ምን እንደ ያዘና ምን ትቶ እንደ ወጣ፣ ሙያውን ያስለመደው ሰው ሲሳሳት ምን ያደርገው እንደ ነበር፣ የማይሠራበት ቀን የትኛው እንደ ሆነ፣ መጨረሻ አገሩ የገባ ጊዜ ምን ተለውጦ እንዳገኘ ጠይቁት። እየሠራ ከሆነ መልሱን እየጠበቃችሁ እጁን ተመልከቱ። የዕቃዎቹን ስም እርሱ በሚጠራቸው አጠራር ጻፉ፤ በመዝገበ ቃላት ባታገኙት እንኳ አትለውጡት። ድርሰቱ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። ስሙን ለመጻፍ አስቀድማችሁ ፈቃዱን ጠይቁ፤ የጻፋችሁትንም ለመምህራችሁ ከመስጠታችሁ በፊት ለእርሱ አንብቡለት።