«እሱ ኮንትራት ነው» ማለት ከሐቅ አያድንም

 

ሙሳ (ዐ.ሰ) መድየን ላይ ለአንድ ሽማግሌ ተቀጥረው ሠርተዋል። ሱረቱል ቀሶስ ላይ እንደምናገኘው ሽማግሌው ሦስት ነገር አስቀድመው ግልጽ አደረጉ፦ ጊዜውን (8 ዓመት፣ በፈቃዳቸው 10)፣ ክፍያውን፣ እንደማያስቸግሯቸውም።

አሁን የመተማን የሰሊጥ ማሳ አስቡ። ሰሊጥ ሲደርስ ፋታ አይሰጥም፤ ከዘገየ ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ ብዙ ወጣት ከደጋ ለአጨዳ ይወርዳል። ታዲያ ማጭድ እጁን ሲቆርጠው «እሱ ኮንትራት ነው እንጂ የኔ ሠራተኛ አይደለም» የሚል ባለማሳ አይጠፋም።

ስያሜ ግን ሐቅን አይለውጥም። ፉቀሃዎች ተቀጣሪን በሁለት ከፍለው አይተዋል። ልብስ ሰፊ ከሁሉም ሥራ ስለሚቀበል «አጂር ሙሽተረክ» ነው። ቀኑን ሙሉ የአንድ ሰው መንጋ የሚጠብቅ እረኛ ደግሞ «አጂር ኻስ» ነው። ልዩነቱ ጊዜውና ጉልበቱ በማን እጅ ነው የሚለው ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሚመለከተው ይህንኑ ነው። በራሱ የንግድ ወይም የሙያ ኃላፊነት የሚሠራውን ከአዋጁ ያወጣዋል። በአሠሪው መሪነት ለደመወዝ የሚሠራው ግን፣ ለጊዜም ይሁን ለተወሰነ ሥራ ቢቀጠር፣ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ «በሄክታር ነው የምከፍለው» ማለት ብቻውን አይበቃም። ስንት ሰዓት ውጣ፣ ይህን እጨድ ብሎ የሚያዘው ማነው?

ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ መደበኛ ሥራው በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በሳምንት የ24 ሰዓት ዕረፍት አለው። በሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ይዘት ጽፎ፣ ፈርሞ ይሰጠዋል፤ ባይሰጠውም ሠራተኛው መብቱን አያጣም።

ባለማሳ ወንድሜ! ዋጋውን ከአጨዳው በፊት ንገረው። «ሰሊጡ ሲሸጥ» እያልክ አታመላልሰው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላቡ ሳይደርቅ ክፈሉት ብለው አዘዋል። ጉልበቱን ተጠቅሞ ደመወዙን የከለከለን ሰው የቂያማ ቀን የሚሟገተው አላህ ራሱ ነው።

ለአጨዳ የምትወርድ ወንድሜ! ከደላላው ጋር ብቻ ተነጋግረህ አትግባ። ክፍያህንና የሥራህን ሁኔታ ባለቤቱን ጠይቀው፤ ጓደኛህም በምስክርነት ይስማ። መጠየቅህ ንፉግነት አይደለም፣ ሐቅህን መጠበቅ ነው።

አላህ ከሰው ሐቅ ነፃ ሆነን የምንገናኘው ያድርገን። ጁሙዓ ሙባረክ!