መብት ወይስ ችሮታ? ክትባት በሥራ ቦታ ያስነሣው ሙግት

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1977 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሶማሊያ፣ በመርካ ከተማ ሆስፒታል፣ ዓሊ ማው ማሊን የሚባል የ23 ዓመት ወጣት በወጥ ቤት ሠራተኝነት ያገለግል ነበር። ሁለት የፈንጣጣ ሕሙማን የጫነች መኪና ሾፌር መንገድ ቢጠይቀው ተሳፍሮ መራው። አብሯቸው የቆየው ለጥቂት ደቂቃ ቢሆንም ከአሥር ቀን ያህል በኋላ እርሱም ታመመ። ክትባቱ በሚሠራበት ግቢ ሳለ ያማል ብሎ ፈርቶ ሸሽቶት ኖሯል። አላህ አተረፈውና በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ በፈንጣጣ የተያዘ የመጨረሻው ሰው ሆኖ ተመዘገበ። በኋላም ሶማሊያ ውስጥ ሰዎች ልጆቻቸውን ለፖሊዮ እንዲያስከትቡ ሲያግባባ ኖሮ፣ በ2013 በዚያው ሥራ ላይ ሳለ በወባ ሞተ።

ማሊን ፈርቶ ነው፤ መፍራት ደግሞ ወንጀል አይደለም። ይሁንና የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ፍርሃት መዘዙ በእርሱ ላይ ብቻ አይቀርም። ለመሆኑ አሠሪው እንዲህ ያለውን ሠራተኛ ምን ሊለው ይገባል? ሠራተኛውስ «መብቴ ነው» ቢል እስከ የት ያስኬደዋል?

ጥያቄው በኮሮና ዘመን እጅግ የጦፈው በአሜሪካ ነበር። በቴክሳስ የሚገኘው ሂዩስተን ሜተዲስት ሆስፒታል ከ25 ሺህ የሚበልጡ ሠራተኞቹ እስከ ጁን 7 ቀን 2021 እንዲከተቡ አዘዘ። 117 ሠራተኞች ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ አደረገው፤ በዚያው ወር 153 ሰዎች ሥራቸውን ለቀቁ ወይም ተሰናበቱ። በአንድ ወገን «ገላዬ የራሴ ነው» የሚል፣ በሌላው ወገን «እዚህ መሥራት ችሮታ እንጂ መብት አይደለም» የሚል ድምፅ በየመሥሪያ ቤቱ ተሰማ።

እስቲ የመጀመሪያውን እንመርምር። ሄኒንግ ጃኮብሰን የሚባሉ በስዊድን የተወለዱ ፓስተር በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በካምብሪጅ ከተማ የፈንጣጣ ክትባት አልቀበልም ብለው ተከሰሱ፤ በ1905 በጠቅላይ ፍርድ ቤት 7 ለ2 በሆነ ድምፅ ተረቱ። ይህን ፍርድ የሚጠቅሱ ሰዎች «መንግሥት ረታ» ብለው ያልፋሉ። እኔን ግን የሚያስገርመኝ ቅጣቱ ነው። አምስት ዶላር ነበር! ሕጉ ገንዘብ አስከፈላቸው እንጂ እጃቸውን ይዞ አልወጋቸውም። እንግዲህ የገላ መብት ማለት ይኸው ነው፤ ማንም አስገድዶ መርፌ እንዳይሰካብህ። በጽኑ ሕሙማን አልጋ አጠገብ የመቆም መብት ግን ከዚህ አይወለድም፤ እዚያ የተኛውም ሰው ገላ አለውና።

ሁለተኛው አነጋገር ደግሞ የባሰ አደገኛ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሌሊት ሲያድር የኖረ ሠራተኛ ደመወዙ በላቡ ያገኘው ሐቁ እንጂ የአለቃው ስጦታ አይደለም። «ችሮታ ነው» የሚል አሠሪ ዛሬ ስለ ክትባት ቢናገረውም ነገ ስለ ሂጃብና ስለ ጁምዓ ሰላት መድገሙ አይቀርም።

ይህ ከሜዳ የተነሣ ስጋት አይደለም። በአሜሪካ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ አሠሪ የሠራተኛውን ሃይማኖት እንዲያስተናግድ ቢያዝም፣ ፍርድ ቤቱ በ1977 በሰጠው ትርጉም ጥቂት ወጪ እንኳ ለእምቢታ በቂ ምክንያት ሆኖ ኖረ። ሻሿን በማድረጓ ሥራ የተከለከለች ሙስሊም ወጣት ጉዳይ በ2015 በጠቅላይ ፍርድ ቤት 8 ለ1 ተወሰነላት። በ2023 ደግሞ እሑድ አልሠራም ባለ ክርስቲያን የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ፣ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ የአሠሪውን ግዴታ ከፍ አደረገው። የእርሷ ሻሽና የእርሱ እሑድ በአንድ ሕግ ጥላ ሥር ናቸው።

ታዲያ ክትባት ያልፈለጉ ብዙዎች «ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም» ብለው የገቡት በዚሁ በር ነው። ሙስሊም ሠራተኛ በዚህ በር ከመግባቱ በፊት ራሱን ሊጠይቅ ይገባል። በዲሴምበር 2020 የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የፈትዋ ምክር ቤት፣ ክትባቱ ከአሳማ የተገኘ ጄላቲን ቢኖርበት እንኳ መጠቀም እንደሚፈቀድ ገልጿል። የኢንዶኔዥያ ዑለማእ ምክር ቤትም በጃንዋሪ 2021 በአገሩ የገባውን የቻይና ክትባት ሐላል ብሎታል። ከዚያ በፊትም ቢሆን ሑጃጆች የማጅራት ገትር ክትባት ሳይወስዱ ወደ ሐጅ አይሄዱም። ለሐጅ ክንዱን ያለ ማጉረምረም የሰጠ ሰው ቢሮ ሲደርስ «ዲኔ ከለከለኝ» ቢል ማን ያምነዋል? ፍርሃት ካለው «ፈራሁ» ይበል፤ ሕመም ካለበት የሐኪም ማስረጃ ያቅርብ። ዲንን ለሌላ ጉዳይ መሸፈኛ ማድረግ የሚጎዳው ነገ በእውነት ለሰላት ፈቃድ የምትጠይቀውን እህት ነው።

በሌላ በኩል አሠሪዎች ከዑመር (ረ.ዐ) ቢማሩ መልካም ነበር። ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከሚባለው ስፍራ ሲደርሱ ወረርሽኝ መግባቱ ተነገራቸው። ኸሊፋ ሆነው ሳለ ብቻቸውን አልወሰኑም፤ ሙሃጂሮችን፣ አንሷሮችን፣ ከዚያም የቁረይሽ ሽማግሌዎችን በየተራ አማከሩ። ለመመለስ ሲወስኑ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር መሸሽ ነው ወይ ብለው በሰው ፊት ተቃወሟቸው። ዑመርም ከአንዱ ቀደር ወደ ሌላው ቀደር መሄድ መሆኑን በግመል ግጦሽ ምሳሌ አስረዷቸው። ተቃዋሚው አልተዋረዱም፤ ከሥልጣናቸውም አልተሻሩም። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የመጨረሻ ቀን ለጥፎ ከሚሰወር ሥራ አስኪያጅ ይህ ምንኛ ይርቃል!

ምክክር የሚያስፈልገውም ማስረጃው ራሱ ስለሚለዋወጥ ነው። የኮሮና ክትባት ከጽኑ ሕመምና ከሞት በእጅጉ አድኗል፤ በሽታውን ወደ ሌላ ሰው እንዳይተላለፍ የመግታት ኃይሉ ግን በጊዜ ብዛት፣ በተለይም በ2021 መጨረሻ ኦሚክሮን ከመጣ በኋላ፣ ቀንሷል። «ጓደኛህን ትጎዳለህ» የሚለው ክርክርም በዚያው ልክ ሊመዘን ይገባ ነበር።

የሥራው ዓይነትም እንዲሁ። የአሜሪካ መንግሥት በኖቬምበር 2021 መቶና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ሠራተኞቻቸው እንዲከተቡ ወይም በየሳምንቱ ተመርምረው ጭንብል እንዲያደርጉ ደነገገ፤ 84 ሚሊዮን ያህል ሰው የሚነካ ደንብ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጃንዋሪ 13 ቀን 2022 6 ለ3 በሆነ ድምፅ አገደው። በዚያው ዕለት ግን የጤና ተቋማት ሠራተኞችን የሚመለከተው ደንብ እንዲቀጥል 5 ለ4 ፈቀደ፤ ይኸኛው በ2023 ተነሥቷል። የውሳኔዎቹ የሕግ መነሻ የየራሱ ቢሆንም ሚዛኑ ለተራ ሰውም ይገባል።

በእኛም አገር ቢሆን በ1994 (በእኛ 1987 ዓ.ም.) የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን ካረጋገጠ በኋላ፣ እምነትን በተግባር መግለጽ ሊገደብ የሚችለው በሕግ መሆኑን ይደነግጋል፤ ከምክንያቶቹም አንዱ የሕዝብ ጤና ነው። በሕግ ይላል፤ በአለቃ ቁጣ አይልም። ስለዚህ ብቻዋን ሒሳብ የምትሠራው ሴትና ጨቅላ ሕፃናትን የምታጠባው ነርስ በአንድ ማስታወቂያ ሊዳኙ አይገባም። ነርሷ እምቢ ካለች ወደ ሌላ ክፍል ማዛወር ይቻል እንደሆነ አሠሪው አስቀድሞ መፈተሽ አለበት። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልተቻለ ያኔ ብትሰናበት እንኳ፣ የሠራችበትን ደመወዝና የአገልግሎት ክፍያዋን ይዛ፣ ስሟ ሳይጎድፍ ልትሄድ ይገባል።