ውኃ ስለምን አረንጓዴ ይሆናል?
ለመምህራንና ለተማሪዎች የሚሆን ትምህርት

በዲማ አጠገብ የሚያልፈው የአኮቦ ወንዝ በክረምት ሞልቶ ይወርዳል። በበጋ ግን ውኃው ይቀንሳል፤ ከወራጁ ተለይቶ በየጉድጓዱ የሚቀረውም ይታቆራል። እንዲህ ያለው የቆመ ውኃ በሐሩር ጊዜ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ነገሩ ጤናን የሚመለከት ስለሆነ ምክንያቱን ማወቅ ይገባል።

1ኛ፤ ምክንያቱ። ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ የተባለው ደቂቅ ፍጥረት ነው። እርሱም እንደ አዝርዕት ብርሃንና ምግብ ይሻል። ከምግቡ ዋናዎቹ ናይትሮጂንና ፎስፎረስ ናቸው፤ እነዚህም ከዓይነ ምድር፥ ከፍግና ከማዳበሪያ በጎርፍ ታጥበው ወደ ውኃ ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 በካናዳ አገር ሊቃውንት አንዱን ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ከፈሉት። በሁለቱም ወገን ካርቦንና ናይትሮጂን፥ በአንደኛው ግን ፎስፎረስም ቢጨምሩ፥ ፎስፎረስ ያገኘው ወገን ብቻ አረንጓዴ ሆነ።

2ኛ፤ ጉዳቱ። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1960 በአዋሽ ወንዝ ላይ በተሠራው ግድብ የተጠራቀመው የቆቃ ሐይቅ ለዚህ ምስክር ነው። በዚያ የሚበዛው ማይክሮሲስቲስ በመልኩ አልጌ ይምሰል እንጂ ወገኑ ከባክቴሪያ ነው፤ የሚያመነጨውም መርዝ ጉበትን ይጎዳል። በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው፥ ውኃን ማፍላት የበሽታ ተሐዋስያንን ሲገድል ይህን መርዝ ግን የማያጠፋው መሆኑ ነው።

3ኛ፤ የተማሪዎች ምርምር። ብርሃን የሚያሳልፉ ሦስት ባለ አንድ ሊትር ጠርሙሶች የወንዝ ውኃ ይሞሉ። በመጀመሪያው ምንም አይጨመር። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሁለት ሁለት ፍሬ የፍየል በጠጥ ተፈጭቶ ይጨመር፤ ሦስተኛው በጥቁር ጨርቅ ይሸፈን። ክዳናቸው ሳይጠብቅ፥ ብርሃን ባለበት ግን ሐሩሩ በማይበረታበት ስፍራ ይቀመጡ። ተማሪዎች የውኃውን መልክ እስከ 15 ቀን ድረስ በየዕለቱ ይጻፉ። ሁለተኛው ከሁሉ ይልቅ ቢያረነጉድ፥ ምግብና ብርሃን ሲገናኙ የሚሆነውን በዓይናቸው አዩ ማለት ነው። ውኃው አይቀመስም፤ በመጨረሻም ከመጠጥ ውኃ ርቆ በመሬት ላይ ይደፋ፤ እጅም በሳሙና ይታጠብ።

4ኛ፤ መጠንቀቂያው። አረንጓዴ ዝቃጭ የተንሳፈፈበትን ውኃ፥ ቢፈላም እንኳ፥ አለመጠጣት፤ ልጆችን በዚያ አለማዋኘት፤ ከብትንም አለማጠጣት። መጸዳጃ ቤት ከውኃ ምንጭ ከ30 ሜትር ባላነሰ ርቀት ይሠራ፤ ፍግም በውኃ ዳር አይከመር።

አልጌውን የሚመግበው ከደጃችን የሚወርደው እድፍ ስለሆነ፥ የውኃው ንጽሕና የሚጀምረው ከየቤታችን ነው።